የግብይትን ወጪ ስለ መቀነስ
ከአምስተርዳም ነጋድያን የሚገኝ ትምህርት

አንድ ነጋዴ ዕቃ ገዝቶ ሲሸጥ፣ ወጪው የዕቃው ዋጋና የማጓጓዣው ኪራይ ብቻ መስሎ ይታየዋል። ነገር ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ ስሙ ተለይቶ የማይጻፍ ሌላ ወጪ አለ፤ ይኸውም ገዥን ወይም ሻጭን ለመፈለግ፣ የዕቃውን ዓይነትና ሚዛን ለመመርመር፣ የሚከፈለው ገንዘብ እውነተኛ መሆኑን ለማረጋገጥ፣ ውሉም ቢፈርስ በዳኛ ፊት ለመከራከር የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ ነው። ይህም የግብይት ወጪ ይባላል። ክብደቱ ይበልጥ የሚታወቀው ሳይከናወን በቀረው ንግድ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሊጠቃቀሙ ሲችሉ፣ ለመተማመን የሚያስፈልገው ወጪ ከትርፉ በልጦ ሳይገበያዩ ይለያያሉና።

ይህን ወጪ በመቀነስ ከበለጸጉት አገሮች አንዷ ሆላንድ ናት። መሬቷ ጠባብና ከባሕር ወለል ዝቅ ያለ ነው፤ ወርቅም ብርም አይቈፈርባትም፤ እህሉን እንኳ በብዛት ከባልቲክ ባሕር ወደቦች ታስመጣ ነበር። ሆኖም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ17ኛው መቶ ዓመት ከተማዋ አምስተርዳም የአውሮፓ ዋና መጋዘን ለመሆን በቃች። ለዚህ የባሕር በሯና በ1585 አንትወርፕ በስፔን እጅ ስትወድቅ የተሰደዱት ነጋድያን ረድተዋታል፤ ይሁን እንጂ መልካም ወደብና ባለሙያ ስደተኞች በሌሎችም ከተሞች ነበሩ። አምስተርዳምን የለያት የገበያ ሥርዓቷ ነው።

በዚያ ዘመን የብዙ ነገሥታት ገንዘብ ተቀላቅሎ ይሠራበት ነበር፤ ጠርዙ የተሸረፈና ብሩ የተቀነሰም አይጠፋም። በ1606 ለመንዛሪዎች የወጣው ዝርዝር ከ800 የሚበልጡ የወርቅና የብር ገንዘብ ዓይነቶች ይዞ ነበር። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍያ መመዘንና መመርመር፣ ብሎም መከራከር ነበረበት። በ1609 ከተማይቱ የልውውጥ ባንክ አቋቋመች፤ ከ600 ጊልደር ጀምሮ ያለ የሐዋላ ሰነድ ሁሉ በዚሁ ባንክ እንዲከፈል አዘዘች። ባንኩ ገንዘቡን አንድ ጊዜ መዝኖ ከተቀበለ በኋላ፣ ክፍያው ከአንዱ ስም ወደ ሌላው ስም በመዝገብ ማዛወር ብቻ ሆነ። ነጋድያንም የባንኩን ገንዘብ እጅግ ስላመኑት፣ አብዛኛውን ጊዜ ከተራው ገንዘብ 4 ወይም 5 ከመቶ ያህል አብልጠው ይለውጡት ነበር።

ሌሎቹም ተቋሞች በዚሁ መንገድ ሠሩ። በ1598 የመድን ጉዳይ ጠብን የሚዳኝ ጉባኤ ተቋቋመ። በ1611 የተከፈተው የንግድ አዳራሽ ገዥና ሻጭን በታወቀ ሰዓት በአንድ ቦታ አገናኘ፤ የታተመ የዋጋ ዝርዝርም ዋጋን ለሁሉ አስታወቀ። የከተማይቱ የሚዛን ቤት ለሁለቱም ወገን የሚታመን ሚዛን ሰጠ። እምነት ሲስፋፋ ወለድም ረከሰ፤ የሆላንድ መንግሥት በ1655 ለዕዳው የሚከፍለውን ወለድ ከ5 ወደ 4 ከመቶ ዝቅ ለማድረግ ቻለ።

የዚሁ ባንክ ፍጻሜም ትምህርት ነው። ሹማምንቱ የተቀማጩን ገንዘብ ለምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ በስውር አበደሩ፤ ከ1780 በኋላ ብድሩ እጅግ በዛ። ምስጢሩ ሲገለጥ ገንዘቡ ቀድሞ ብልጫ የነበረው ወደ ጉድለት ወረደ፤ ባንኩም በ1819 ተዘጋ። ወደ ሁለት መቶ ዓመት የተከማቸው እምነት በጥቂት ዓመታት ባከነ።

ነገሩ ለኢትዮጵያ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። በጠገራ ብር ዘመን ገበያተኛው ብሩን ከመቀበሉ በፊት በምስሉ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቈጥር፣ የተበላሸውንም ይመልስ ነበር፤ ይህ ሁሉ የግብይት ወጪ ነው። በ2000 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራውን ሲጀምርም ዓላማው ይህንኑ ወጪ መቀነስ ነበር፤ እህሉና ቡናው በመጋዘን ተመዝኖና ደረጃ ወጥቶለት ደረሰኝ ሲሰጠው፣ የማይተዋወቁ ሰዎች ዕቃውን ሳያዩ ሊገበያዩ ይችላሉና።

ባንክና የንግድ አዳራሽ ማቋቋም የአንድ ነጋዴ ሥራ አይደለም፤ የራሱን ደንበኛ ወጪ መቀነስ ግን በእጁ ነው። ላኪው ከናሙናው የማይለይ ዕቃ ቢጭን፣ አስመጪው የተቀበለውን ሰነድ በቀጠሮው ቀን ቢከፍል፣ ባለሱቁም ሚዛኑን አስተካክሎ ዋጋውን በግልጽ ቢጽፍ፣ ደንበኛው በሚቀጥለው ጊዜ ለመመርመር የሚያጠፋው ሰዓት ይቀንሳል። ዋጋው ከጎረቤቱ ዋጋ እኩል ቢሆን እንኳ፣ ለገዥው የሚረክሰው ይህ ነጋዴ ነው።