የለስላሳ መጠጥ አሲድና ጥርሳችን

ኮካ ኮላ፣ ፔፕሲ፣ ፋንታ፣ ሚሪንዳና የመሳሰሉት በአንድ ስም ለስላሳ መጠጥ ይባላሉ። ለስላሳ የተባሉት አልኮል ስለሌላቸው ነው። በአገራችን ኮካ ኮላ በጠርሙስ መሞላት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 በአዲስ አበባ ነው። ዛሬ በእኛም በእስቴ አገር፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ከሱቅና ከሻይ ቤት አልፎ በሠርግና በክርስትና ይቀርባል። ጠላ ለማይጠጣ እንግዳ ለስላሳ ማቅረብ ክብር ሆኗል። ታዲያ ይህ መጠጥ ለጥርስም ለስላሳ ነው ወይ? እስቲ እንመርምር።

አሲድ ምንድን ነው?

ቃሉ የባዕድ ይሁን እንጂ ነገሩ በየቤታችን አለ። ሎሚን ሆምጣጣ የሚያደርገው ሲትሪክ አሲድ ነው። ወተት ሲረጋና የእንጀራ ሊጥ ሲቦካ የሚኮመጥጠውም ላክቲክ አሲድ ስለሚፈጠርበት ነው። እንግዲህ አሲድ ሁሉ መርዝ አይደለም። ዋናው ነገር ብርታቱና በአፋችን ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ነው።

በለስላሳ ውስጥ የትኞቹ አሲዶች አሉ?

አንደኛው ካርቦኒክ አሲድ ነው። ቆርኪው ሲከፈት ሽ ብሎ የሚወጣው አየር ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል። ጠላ ሲፈላ ከጋኑ ውስጥ የሚወጣውም አረፋ ይኸው አየር ነው። እንግሊዛዊው ሊቅ ጆሴፍ ፕሪስትሊ እ.ኤ.አ. በ1767 ይህንን አየር ከቢራ መጥመቂያ በርሜል አፍ ላይ ወስዶ ከውሃ ጋር አዋሐደው። አየሩ ከውሃ ጋር ሲዋሐድ ደካማ አሲድ ይሆናል።

ሁለተኛው ፎስፈሪክ አሲድ ነው፤ እንደ ኮካ ኮላና ፔፕሲ ባሉት ጠቆር ያሉ መጠጦች ውስጥ ይገኛል። ሦስተኛው ሲትሪክ አሲድ ሲሆን የብርቱካንና የሎሚ ጣዕም ባላቸው ውስጥ ይጨመራል።

ታዲያ ስንጠጣው ለምን እንደ ሎሚ አይኮመጥጠንም? ስኳሩ ስለሚሸፍነው ነው። 300 ሚሊ ሊትር በሚይዝ አንድ የኮላ ጠርሙስ ውስጥ 30 ግራም ያህል ስኳር አለ። ይህም ሰባት ስምንት የሻይ ማንኪያ መሆኑ ነው።

የአሲድ ብርታት የሚለካው ፒ.ኤች. በሚባል መለኪያ ነው። ንጹህ ውሃ 7 ነው። ቁጥሩ ባነሰ መጠን አሲዱ ይበረታል። ኮላ 2.5 ያህል ነው፤ ከሎሚ ጭማቂ ብዙም አይርቅም።

ጥርስን ምን ያደርገዋል?

የጥርስ የላይኛው ነጭ ሽፋን ከአጥንት የጠነከረ ነው። ነገር ግን አፋችን ውስጥ ያለው ፒ.ኤች. ከ5.5 ገደማ ሲወርድ ሽፋኑ ጥቂት በጥቂት መሟሟት ይጀምራል። ምራቃችን አሲዱን ያጥባል፤ ጥርሱንም ይጠግናል። ለዚህ ግን ጊዜ ያስፈልገዋል። አንዱን ጠርሙስ ይዘን ጎንጨት እያደረግን ግማሽ ቀን ከቆየን ምራቅ ፋታ አያገኝም። በዚያ ላይ በአፍ ውስጥ የሚኖሩ ጀርሞች ስኳሩን ወደ ሌላ አሲድ ይለውጡታል። ስለዚህ ጥርስ ሁለት ጊዜ ይጠቃል። ሽፋኑ አንዴ ካለቀ ደግሞ እንደ ጥፍር ተመልሶ አይበቅልም።

ለመረዳት ያህል ስባሪ የእንቁላል ቅርፊት በሎሚ ጭማቂ ውስጥ እንጨምርና እንይ። አረፋ ያወጣል፤ ውሎ ሲያድርም ይሳሳል። ጥርስ በዚህ ፍጥነት አይሟሟም፤ ነገሩ ግን ተመሳሳይ ነው።

አንዳንድ ሰዎች «ለስላሳ ጨጓራ ይበሳል» ይላሉ። ይህ ልክ አይደለም። ጨጓራ ራሱ የሚያመነጨው አሲድ ከለስላሳው ይበረታል። ቃር ላለበት ሰው ግን ሊያባብስበት ይችላል።

ምን እናድርግ?

ሀ. ለጥም ንጹህ ውሃ እንጠጣ። ለስላሳ አልፎ አልፎ ይሁን።
ለ. ስንጠጣም ከምግብ ጋር፣ ባንድ ጊዜ እንጨርሰው፤ ከዚያም አፋችንን በውሃ እንጉመጥመጥ።
ሐ. ወዲያው ጥርሳችንን አንፋቅ። ሽፋኑ በአሲዱ ስለሚላላ መፋቂያው ይሸረሽረዋል። ግማሽ ሰዓት ያህል እንታገስ።
መ. ለሕፃናት ለስላሳ በጡጦ አንስጥ። በተለይ በመኝታ ሰዓት ምራቅ ስለሚቀንስ ጉዳቱ ይብሳል።
ሠ. ተቅማጥ ለያዘው ልጅ ለስላሳ አይሰጥ፤ ስኳሩ ተቅማጡን ያብሰዋል። ጡት የሚጠባ ከሆነ ጡት ሳይቋረጥ፣ ከጤና ኬላ የሚገኘው ኦ.አር.ኤስ. በንጹህ ውሃ ተበጥብጦ ይሰጠው።
ረ. ቆርኪ በጥርሳችን አንክፈት።

የጥርስ ሐኪም እንደ ልብ በማይገኝበት አገር የተበላሸ ጥርስ መጨረሻው መነቀል ነው። የአሥር ዓመት ልጅ የሚያበቅለው ጥርስ ግን እስከ ሽምግልናው ቆሎ ሊቆረጥምበት የሚገባው ነው። እንግዳን በለስላሳ ብናከብርም ልጆቻችንን በውሃ እናሳድግ።

ጥያቄዎች

1. ለስላሳ መጠጥ አሲድ እያለው የማይኮመጥጠን ለምንድን ነው?
2. አንድ ጠርሙስ ባንድ ጊዜ ከመጠጣትና ቀስ እያሉ ከመጎንጨት ለጥርስ የሚብሰው የትኛው ነው? ለምን?
3. በቤታችሁ ለስላሳ የሚጠጣው መቼ መቼ ነው? ከቤተሰባችሁ ጋር ተወያዩበት።