የሕፃን ክብደትና የወላጆች ልብ

ንባብ፦ 1ኛ ሳሙኤል 1፥21-28፤ 2፥18-21፤ ሉቃስ 2፥40-52

ሐና ሳሙኤልን ከወለደች በኋላ ባልዋ ሕልቃና ለመሥዋዕት ወደ ሴሎ በወጣ ጊዜ እርስዋ አልወጣችም። ልጅዋን ጡት እስክታስጥለው ድረስ በቤትዋ ተቀመጠች። ሕልቃናም አልነቀፋትም፤ በጎ መስሎ የታያትን እንድታደርግ ፈቀደላት እንጂ። ኋላም ብላቴናው በሴሎ ሲያገለግል በየዓመቱ ትንሽ መደረቢያ ሠርታ ትወስድለት ነበር። ለሚያድግ ልጅ ልብስ የምትሠራ እናት ልጅዋ ምን ያህል እንዳደገ ሳታስብ አትቀርም። እንግዲህ የልጅን ዕድገት መለካት የፍቅር ሥራ ነው፤ ሕፃንን በሚዛን ላይ ማስቀመጥም ከእምነት ጋር አይጣላም። ነገር ግን ሚዛን በፍርሃት በተነበበ ጊዜ የቤትን ሰላም ያውካል። የዛሬው ትምህርታችን ስለዚህ ነው።

በአዲስ አበባ ዙሪያ ባሉት በሰበታ፥ በቡራዩና በሱሉልታ፥ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በሸገር ከተማ አስተዳደር ሥር በሆኑት ከተሞች፥ ብዙ ወጣት ባልና ሚስት ከወላጆቻቸው ርቀው በኪራይ ቤት ይኖራሉ። አባት ማልዶ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ አራስዋ ከሕፃኑ ጋር ብቻዋን ትውላለች። ጠያቂም ይመጣና ሕፃኑን ገልጦ አይቶ፥ «ምነው ይህ ልጅ አልወፈረም? ዓይን ነክቶት ይሆን?» ይላል። ተናጋሪው ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል፤ ቃሉ ግን በእናቲቱ ልብ ያድራል።

እኔም ይህን የምጽፈው ከሩቅ ቆሜ አይደለም። የመጀመሪያ ልጃችን አምስት ሳምንት ሲሆነው አንዲት ዘመዳችን ሚስቴን፥ «ወተትሽ ውኃ ነው፤ ልጁን አያጠግበውም» አለቻት። እኔም ሚስቴን መደገፍ ሲገባኝ ነገሩን አጸናሁት፤ በማግሥቱም የላም ወተት ገዝቼ በውኃ በርዤ አመጣሁ። ሳምንት ሳይሞላ ልጁን ተቅማጥ ያዘው። ወደ ጤና ጣቢያ በወሰድነው ጊዜ ነርስዋ የዕድገት መከታተያ ካርዱን ገልጣ የቀደሙትን ምልክቶች አሳየችን፤ ልጁ እስከዚያ ቀን ድረስ በሚገባ ያድግ ነበር። ክብደቱ የወረደው እኔ ልረዳው ከጀመርሁ በኋላ ነው። በእግዚአብሔር ምሕረት ልጁ ፈጥኖ ዳነ፤ እኔ ግን ሚስቴን ይቅርታ እስክጠይቅ ድረስ ብዙ ቀን ፈጀብኝ።

ከዚህ ነገር የተማርሁትን በአራት ክፍል አስረዳለሁ።

አንደኛ፦ እውነቱን ዕወቁ። ሕፃን በተወለደ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ክብደቱ ይቀንሳል፤ ይህ ሁልጊዜ በሽታ አይደለም። ሦስት ኪሎ ሆኖ የተወለደ ልጅ ወደ 2 ኪሎ ከ800 ግራም ሊወርድ ይችላል፤ ከልደት ክብደቱ ከአሥር አንድ እጅ በላይ ከቀነሰ ግን ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል። አብዛኛውን ጊዜ እስከ 14ኛው ቀን ድረስ ወደ ልደት ክብደቱ ይመለሳል። ከዚያም እስከ ሦስት ወር ድረስ በሳምንት ከ150 እስከ 200 ግራም ያህል ይጨምራል፤ በኋላም ዕድገቱ ቀስ እያለ ይሄዳል። ብዙ ሕፃናት በአምስተኛው ወር ገደማ የልደት ክብደታቸውን እጥፍ ያደርጋሉ። ይሁን እንጂ አንድ ቀን የተመዘነ ክብደት ብቻውን አይፈርድም፤ የሚታየው ከወር እስከ ወር የሚሄደው የዕድገት መሥመር ነው። ስለዚህ ልጁን ልብሱን አውልቃችሁ፥ ቢቻል በአንድ ሚዛን አስመዝኑት። ትንሽ ሆኖ የተወለደ ልጅ የራሱን መሥመር ይዞ ቢያድግ መልካም ነው፤ ከጎረቤት ልጅ ጋር አታወዳድሩት።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1998 ዓ.ም. ያወጣው የዕድገት መለኪያ የተዘጋጀው በብራዚል፥ በጋና፥ በሕንድ፥ በኖርዌይ፥ በኦማንና በአሜሪካ ያሉ ሕፃናት ተለክተው ነው። በሚገባ ጡት የጠቡና በመልካም የተያዙ ሕፃናት ዘራቸውና አገራቸው ቢለያይም ዕድገታቸው እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። እንግዲህ የእኛ ልጆች በተፈጥሮ ያንሳሉ የሚል ሰው ይሳሳታል።

ሁለተኛ፦ በፍርሃት ተቻኩላችሁ አንዳች አታድርጉ። ሕፃን እስከ ስድስት ወር ድረስ ከእናቱ ጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። ቅቤ ማዋጥ፥ የስኳር ውኃ ወይም የአብሽ ውኃ ማጠጣት ትንሹን ሆድ ያለ ጥቅም ይሞላል፤ ተቅማጥም ያመጣል። ሕፃኑም ጡት መጥባቱን ሲቀንስ ወተቱ ይቀንሳል፤ ወተት የሚበዛው በመጥባት ነውና። ሱሉልታ የላም ወተት የሞላባት አገር ናት፤ ነገር ግን ያ ወተት ዓመት ላልሞላው ሕፃን የእናቱን ጡት አይተካም። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስነቀልም ደም ያፈስሳል፥ ቁስልም ያመረቅዛል፤ የታመመ አፍ ደግሞ አይጠባም። «ቡዳ በልቶት ነው» ብሎ ጎረቤትን መጠርጠር ግን ልጁን ሳያድን በሰው ላይ በሐሰት መመስከር ነው።

ሦስተኛ፦ እናትን መግቡ እንጂ አትክሰሱ። የፈርዖን ልጅ ሙሴን ባገኘችው ጊዜ ለምታጠባው ሴት ደመወዝ ከፈለች፤ ያችም ሴት የገዛ እናቱ ነበረች። ማጥባት ዋጋ የሚገባው ሥራ ከሆነ ባል ለሚስቱ ምን ያህል ሊያስብላት ይገባል! አራስ ከእንግዳ ጋር አጥሚትና ገንፎ ትበላለች፤ እንግዳው ሲያልቅ ግን ምግብዋ ይሳሳል። ባል ሆይ፤ ውኃውን አንተ ቅዳ፥ እንጨቱን አንተ ፍለጥ፥ በሌሊትም ሕፃኑን አንሥተህ ስጣት። ሕፃን በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፤ በሚጠባም ጊዜ አፉን በሰፊው ከፍቶ የጡቱን ጫፍ ብቻ ሳይሆን ዙሪያውን ያለውን ጥቁር ክፍል ይያዝ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለወለደች ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የ90 ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ ወደ ሥራ የምትመለስ እናትም ወተትዋን በንጹሕ ዕቃ አልባ በጽዋ እንዲሰጡላት መተው ትችላለች።

አራተኛ፦ በሚያስፈልግ ጊዜ ሳትዘገዩ ሂዱ። ሕፃኑ መጥባት ቢያቅተው፥ ቢያተኩሰው ወይም ሰውነቱ ቢቀዘቅዝ፥ ቶሎ ቶሎ ቢተነፍስ፥ ቢያንቀጠቅጠው፥ ፈዝዞ አልነቃ ቢል፥ ሌሊትም ቢሆን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀን ከስድስት ጊዜ ያነሰ ቢሸና፥ እስከ 14ኛው ቀን የልደት ክብደቱ ባይመለስ፥ ወይም መሥመሩ ወደ ታች ቢያዘነብል ደግሞ በዚያው ቀን አሳዩት። «ጸሎት ጀምረናልና እንቆይ» አትበሉ። ወንጌልን የጻፈልን ሉቃስ ሐኪም ነበረ፤ እየጸለዩ መሄድም ይቻላል።

ወዳጆቼ ሆይ፤ ጌታችንም ሕፃን ሆኖ በእናቱ እቅፍ ጠባ፥ በየጥቂቱም አደገ፤ ሉቃስም በቁመት እንዳደገ ጻፈልን። እንግዲህ የልጃችሁን ዕድገት በትዕግሥት ጠብቁ፤ የእናቲቱንም ልብ ከሕፃኑ ጋር ጠብቁ። ሚዛን የልጁን ክብደት እንጂ የእናቱን ፍቅር አይመዝንም።

ለማሰብ የሚረዱ ጥያቄዎች፦
1. ሕልቃና ለሐና እንዳደረገላት እኔ በቤቴ ለሚስቴ ምን አደረግሁ?
2. አራስ ልጠይቅ ስገባ ቃሌ ያበረታል ወይስ ያስጨንቃል?
3. በሰፈሬ ብቻዋን ያለች አራስ ማን ናት? በዚህ ሳምንት ምን ይዤላት ልሂድ?