ሳይቃጠል በቅጠል
ልጆቻችንን ከኢንተርኔት አደጋ ስለ መጠበቅ
(ለወላጆችና ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን የተዘጋጀ ትምህርት)

ቀደም ባለው ዘመን ወላጅ ልጁን ከክፉ ባልንጀራ ለመጠበቅ ሲፈልግ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነበር። ልጁ በጊዜ ወደ ቤት እንዲገባ ያዝዛል፤ ከማን ጋር እንደሚውል ጎረቤት ይጠይቃል፤ ሲመሽም በሩን ይዘጋል። ዛሬ ግን በሩ ተዘግቶ፣ ልጁም ከእናቱ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ፣ ፈጽሞ የማያውቀው ሰው በእጅ ስልኩ በኩል ገብቶ ሊያነጋግረው ይችላል። እናቲቱ ልጇ ቤት በመሆኑ ተደስታ ቡናዋን ታፈላለች፤ ልጁ ግን በዚያች ሰዓት ከማን ጋር እንደሆነ አታውቅም።

ስልኩ ራሱ ክፉ ነገር አይደለም። ልጆች ይማሩበታል፤ ከሩቅ ዘመድ ጋር ይገናኙበታል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት የምንመለከተው ልጆች በስልክ እንዴት በጥንቃቄ እንደሚጠቀሙና ትልልቆቹ ምን ማድረግ እንደሚገባን ነው። ዋናው ሐሳብም ይህ ነው፦ ልጅን ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው፣ ችግር በደረሰበት ሰዓት ሳይፈራ ሊነግረው የሚችል አንድ ትልቅ ሰው ያለው መሆኑ ነው።

1. አደጋው እንዴት ይመጣል?

ሕፃናትን የሚያጠምድ ሰው በአንድ ቀን አይገለጥም፤ ደረጃ በደረጃ ይቀርባል። በመጀመሪያ የዕድሜ እኩያ መስሎ፣ የሌላ ሰው ፎቶግራፍ ለጥፎ ሰላምታ ይልካል። ቀጥሎም ልጁን ያሞግሳል፤ የሚያዝንበትን ነገር ያዳምጣል፤ አንዳንድ ጊዜም የስልክ ካርድ ወይም ገንዘብ ይልካል። ከዚያ ብዙ ሰው ከሚያየው መድረክ አውጥቶ ለብቻ ወደሚጻጻፉበት ቦታ ይወስደዋል። በአራተኛው ደረጃ «ይህን ለማንም እንዳትናገር» ይለዋል። በመጨረሻም ሰውነቱን የሚያሳይ ፎቶግራፍ ይጠይቀዋል፤ ፎቶግራፉን ባገኘ ጊዜም ወዳጅነቱ ቀርቶ ማስፈራራት ይጀምራል፦ «ሌላ ካልላክህ፣ ገንዘብም ካላመጣህ፣ ለቤተሰብህና ለትምህርት ቤትህ እበትነዋለሁ» ይላል።

ይህ በሩቅ አገር ብቻ የሚወራ ነገር እንዳይመስለን፤ መንገዱ በየትም ቦታ አንድ ዓይነት ነው። ዓለም ሁሉ ያወቀውን አንድ ታሪክ እንመልከት። አማንዳ ቶድ የተባለች ካናዳዊት ልጅ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ በኮምፒዩተር ካሜራ ፊት ለአንድ አፍታ ገላዋን እንድታሳይ አንድ የማታውቀው ሰው አባበላት። ያች አፍታ በምስል ተቀርጻ ቀረች። ከዚያ በኋላ ለዓመታት በሐሰተኛ ስሞች እየተከታተለ አስፈራራት፤ ምስሉንም ለምታውቃቸው ሰዎች ላከው። ትምህርት ቤት ብትቀይርም ተከተላት። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2012፣ በ15 ዓመቷ፣ ሕይወቷን በገዛ እጇ አጠፋች። አሳዳጇ በኔዘርላንድስ፣ ከውቅያኖስ ማዶ የሚኖር ሰው ነበር። በካናዳ ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ተብሎ 13 ዓመት እስራት የተፈረደበት እ.ኤ.አ. በ2022 ሲሆን፣ ይህም ልጅቷ ከሞተች ከ10 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው።

ከዚህ የምንረዳው ሕግ አስፈላጊ ቢሆንም ዘግይቶ ሊደርስ እንደሚችል ነው። በአገራችንም በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958 አካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመውን እንዲህ ያለ ድርጊት በወንጀል ያስቀጣል። ይሁን እንጂ ከፍርድ ቤቱ በፊት የቤተሰቡ ጥበቃ መቅደም አለበት።

2. ልጆች ስለ ምን ዝም ይላሉ?

እናቷ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የሄደች፣ ከአያቷ ጋር የምትኖር አንዲት የ12 ዓመት ልጅን እናስብ። እናቷ የላከችላት ስልክ የእናቷን ፊት የምታይበት ብቸኛ መስኮት ነው። አያት ደግሞ ለልጅቱ ካላቸው ፍቅር የተነሣ «አንድ ነገር ብሰማ ስልኩን እቀማሻለሁ» ይላሉ። አንድ ቀን የማታውቀው ሰው ክፉ ነገር ቢልክባት ይህች ልጅ ምን ታደርጋለች? ብትናገር እናቷን የምታጣ ይመስላታል። ስለዚህ ዝም ትላለች። የሚያጠምዳት ሰው የሚፈልገውም ይህንኑ ዝምታ ነው።

እንግዲህ ከቅጣት አስቀድሞ የሚሰጥ አንድ ቃል ኪዳን ያስፈልጋል። ወላጅ ወይም አሳዳጊ በሰላሙ ጊዜ፣ ገና ምንም ሳይደርስ፣ ለልጁ እንዲህ ሊለው ይገባል፦ «የሚያስፈራህ ወይም የሚያሳፍርህ ነገር ቢመጣ፣ ስሕተቱ የአንተ ቢሆንም እንኳ ንገረኝ፤ ስለ ነገርኸኝ አልቀጣህም፤ አብረን መፍትሔ እንፈልጋለን።» በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 15 የምናውቀው አባት የጠፋ ልጁን ገና በሩቅ ሳለ ሮጦ ተቀበለው፤ ሒሳብ በመጠየቅ አልጀመረም። ልጆቻችንም ሲመለሱ እንዲህ ያለ አቀባበል እንደሚጠብቃቸው አስቀድመው ሊያውቁ ይገባል።

3. ለልጆች የምናስተምራቸው

ሀ/ ስም፣ አድራሻ፣ የትምህርት ቤት ስምና የስልክ ቁጥር ለማይታወቅ ሰው አይሰጥም። የደንብ ልብስ ለብሶ የተነሡት ፎቶግራፍ በልብሱ ላይ ባለው ዓርማ ብቻ ትምህርት ቤቱን ያስታውቃል። ይህን ፎቶግራፍ ብዙ ጊዜ የሚለጥፉት ወላጆች ስለሆኑ፣ ጥንቃቄው ከእኛ ይጀምር።

ለ/ «ለማንም አትንገር» የሚል ትልቅ ሰው የአደጋ ምልክት ነው። ለበዓል የተገዛን ስጦታ ለጥቂት ቀን መደበቅ ደስታ ነው፤ ልጅን ከወላጁ የሚለይ ምስጢር ግን መደበቅ የለበትም።

ሐ/ የልደት ዘመን በትክክል ይሞላ። ፌስቡክ፣ ኢንስታግራምና ቲክቶክ ከ13 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዲመዘገቡ አይፈቅዱም። ቲክቶክ ደግሞ ከ16 ዓመት በታች ለሆኑት የግል መልእክት መላላኪያውን ይዘጋል። ነገር ግን በ2006 ዓ.ም. የተወለደ ልጅ እንደሚያውቀው 2006 ብሎ ቢሞላ፣ ስልኩ የሚቆጥረው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ስለሆነ በ7 ወይም በ8 ዓመት ያስረጀዋል። የ12 ዓመቱ ልጅ የ19 ወይም የ20 ዓመት ጎልማሳ ተብሎ ይመዘገባል፤ ለሕፃናት የተደረገው ጥበቃም ሁሉ ይነሣበታል። ልጁ ሳይዋሽ በቀን አቆጣጠር ልዩነት ብቻ ይህ ሊሆን ስለሚችል፣ እያንዳንዱ ቤተሰብ ይመርምረው።

መ/ በቴሌግራም ላይ የስልክ ቁጥሩን ማን እንደሚያይ፣ ማንስ ወደ ቡድን ሊያስገባው እንደሚችል «ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኩሪቲ» በሚለው ክፍል መወሰን ይቻላል። ወላጅ ይህን የማያውቅ ከሆነ ልጁን «አሳየኝ» ይበለው። ከልጅ መማር ነውር አይደለም፤ እንዲያውም ለመልካም ጭውውት በር ይከፍታል።

4. ችግሩ ደርሶ ቢገኝ

በመጀመሪያ ልጁን አመስግኑት፤ መናገር ድፍረት ይጠይቃልና። ቀጥሎ ለሚያስፈራራው ሰው ገንዘብም ሆነ ሌላ ፎቶግራፍ አይላክ፤ አንድ ጊዜ የተሰጠው ዳግመኛ ይጠይቃልና። መልእክቶቹ ከመጥፋታቸው በፊት የሰውየው ስም፣ ቁጥሩ፣ ቀኑና ዛቻው በስክሪን ቅጂ ይያዝ፤ የልጁ ምስል ግን ለማንም አይተላለፍ። ከዚህ በኋላ ሰውየውን በስልኩ ላይ ማገድና ለፖሊስ ማመልከት ይገባል። በተጨማሪም በአሜሪካ የጠፉና የተበደሉ ሕፃናት ብሔራዊ ማእከል እ.ኤ.አ. በ2023 «ቴክ ኢት ዳውን» የተባለ ነጻ አገልግሎት ጀምሯል። ምስሉ ራሱ ከስልኩ ሳይወጣ የምስሉን መለያ ቁጥር ብቻ በመውሰድ፣ በአገልግሎቱ የተስማሙት ድርጅቶች ምስሉን ከገጾቻቸው እንዲያነሡት ይረዳል።

5. የመምህራን ኃላፊነት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 በሮም በጳጳሳዊ ግሪጎርያን ዩኒቨርሲቲ በዲጂታል ዓለም ስለ ሕፃናት ክብር የመከረ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ተካሂዶ፣ «የሮም መግለጫ» የተባለው ሰነድ ለርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንችስኮስ ቀርቧል። ይህ አደራ እስከ ቁምስናችን ክፍል ድረስ መድረስ ይኖርበታል። መምህር ከሕፃን ጋር ለብቻ አይጻጻፍ፤ መልእክቱ ወላጆች ባሉበት ቡድን ይላክ። የሕፃናት ፎቶግራፍም ያለ ወላጅ ፈቃድ አይለጠፍ። እኛ በግልጽነት ስንመላለስ፣ ልጆች የተሰወረ ወዳጅነት የሚጠይቃቸውን ሰው መለየት ይማራሉ።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ልጄ አንድ አሳፋሪ ነገር ቢደርስበት በመጀመሪያ የሚነግረው ለማን ይመስለኛል? ስለ ምን?
2. በቤታችን «ስልኩን እቀማሃለሁ» የሚለው ዛቻ ምን ውጤት አምጥቷል?
3. በልጄ ስልክ ላይ የተሞላው የልደት ዘመን ትክክለኛ ነውን?

የቤት ሥራ፦ በዚህ ሳምንት እያንዳንዱ ወላጅ ከልጁ ጋር ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ ሦስተኛውን ጥያቄ አብረው ይመልሱ፤ ከላይ የተጠቀሰውንም ቃል ኪዳን በራሱ አንደበት ለልጁ ይንገረው።