ስልኬ ተንቀራፈፈ፤ ፎርማት ላስደርገው?

ጥያቄ፦ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሱቅ አለኝ። ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ቴክኖ ስልኬ ቴሌብርን ለመክፈት እንኳ ይንቀራፈፋል። ፎርማት ይደረግ ይሉኛል።

መልስ፦ አይቸኩሉ፤ ፎርማት ሁሉን ጠራርጎ ያጠፋል። መጀመሪያ ሴቲንግ ገብተው ስቶሬጁን ይዩ። ጢም ብሎ ከሞላ፣ እኛ አገር አብዛኛውን ጊዜ ጥፋተኛው ቴሌግራም ነው፤ ከየቻናሉ የወረደው ቪዲዮ ሁሉ እዚያው ይከማቻል። በቴሌግራም ሴቲንግ ‹ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ›፣ ከዚያ ‹ስቶሬጅ ዩሴጅ› ገብተው ካሹን ያጥፉ። ከሚስጥር ቻት በቀር ፋይሎቹ ሰርቨር ላይ ስለሚቆዩ ሲፈልጓቸው ዳግም ይወርዳሉ፤ ወጪዎ ዳታ ብቻ ነው። አውቶማቲክ ዳውንሎዱንም ይዝጉት፤ አለዚያ በሳምንቱ ይሞላል። ‹ስልክ አፍጣኝ› የሚባሉትን አፖች ግን አይመኑ፤ ራሳቸው ሜሞሪ ይበላሉ፣ ማስታወቂያም ይደረድራሉ። ፎርማት የግድ ከሆነ ፎቶና ኮንታክትዎን ባክአፕ ያድርጉ፤ የጉግል ፓስወርድዎንም ያረጋግጡ፣ ስልኩ ሲነሳ ሊጠይቅዎት ይችላል።