ፌስቡክዎና የሥራ መደብዎ፦ ለፎገራ የመንግሥት ሠራተኞች

ወረታ ላይ የሚያስተምር ሰው የፌስቡክ ጓደኞቹን ዝርዝር ቢከፍት ርዕሰ መምህሩን ያገኛል፤ የተማሪዎቹን ወላጆች ያገኛል፤ አምና የወደቀውን ተማሪ ያገኛል፤ የሚስቱን ወንድምም ያገኛል። አዲስ አበባ ሆኖ የሚጽፍ ሰው አንባቢውን ላያውቀው ይችላል። የወረታው አንባቢ ግን በማግስቱ ቢሮ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል። «ይህ ገጽ የግል አስተያየቴ ብቻ ነው» የሚል ማሳሰቢያ መለጠፍ ክፋት የለውም፤ ነገር ከመጣ ግን እምብዛም አያስጥልም።

ይህን ስል አይጻፉ ማለቴ አይደለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ሲሰጥ የመንግሥት ሠራተኛውን ነጥሎ አላስቀረም። ሐሳብ ምንም አያስከፍልም ማለቴም አይደለም። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በማኅበራዊ ሚዲያ ያነሡት የደመወዝና የጥቅማ ጥቅም ጥያቄ ወደ ሥራ ማቆም ሲሸጋገር በርካታ ባለሙያዎች ታስረዋል። ይሁን እንጂ በዚህ ዓይነቱ ጉዳይ ሰው የሚገባው አስቦበት ነው። ሳያስቡት የሚገቡበት ጣጣ የሚመጣው ከሌላ በኩል፣ ከመሥሪያ ቤቱ እጅዎ የገባውን ነገር እንደ ራስዎ ወሬ አድርገው ሲለጥፉት ነው። ይህ ጽሑፍ ይበልጥ የሚያተኩረው በዚያ ላይ ነው።

መጀመሪያ፦ ራስዎን ከውጭ ሆነው ይዩ

ከአካውንትዎ ይውጡና በሌላ ሰው ስልክ ስምዎን ይፈልጉ። በፊደልም በላቲንም ይሞክሩት፤ ስምዎ በ«ሀ»ም በ«ኀ»ም የሚጻፍ ከሆነ ሁለቱንም። የማያውቅዎ ሰው የሚያየው ይህን ነው። ዓመት ያለፈው ፖስት፣ ጓደኛ ታግ ያደረገዎ የሠርግ ቪዲዮ፣ ተማሪ ሳሉ የተሳደቡት ስድብ ሁሉ ይወጣል። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። እኛ መግባት አልቻልንም እንጂ ቀድሞ የጻፍነው ሌላ ቦታ ላለው ሰው እየታየ ነበር። ኢንተርኔቱ ከመቋረጡ በፊት ከጻፉት ጀምረው ይከልሱት።

ፌስቡክ የድሮ ፖስቶችን በአንድ ጊዜ «ለጓደኞች ብቻ» የሚያደርግ ማስተካከያ አለው፤ ይጠቀሙበት። ታግ ሲደረጉ እርስዎ ሳይፈቅዱ ገጽዎ ላይ እንዳይወጣ የሚያደርገውንም ያብሩ። «የሚሠራበት ቦታ» በሚለው ላይ ሙያዎን ይተዉና የመሥሪያ ቤቱን ስም ያውጡት እላለሁ፤ ምክንያቱን ከታች ያገኙታል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው። የመጀመሪያ አካውንቱን የከፈተለት ስልክ የገዛበት የሞባይል ቤት ልጅ የሆነ ሰው ብዙ ነው። ኢሜይሉ የልጁ፣ የይለፍ ቃሉም የልጁ እንደሆነ ዓመታት ያልፋሉ። ልጁ ክፉ ላይሆን ይችላል፤ ነገር ግን በስምዎ አንድ ነገር ከተጻፈ «እኔ አልጻፍኩትም» ማለት ይከብድዎታል። ኢሜይሉን ይለውጡ፣ የይለፍ ቃሉን ይለውጡ፣ በስልክዎ ኮድ የሚያስገባውን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያብሩ።

ሁለተኛ፦ የእርስዎን ከቢሮው ይለዩ

ከመለጠፍዎ በፊት አንድ ጥያቄ ራስዎን ይጠይቁ፦ እዚህ ሥራ ላይ ባልሆን ኖሮ ይህን አውቀው ነበር?

ክረምት ገብቶ ርብና ጉማራ ወንዞች ሞልተው ሲፈስሱ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ከመንገድ ዳር ቆመው ውኃ የዋጠውን የሩዝ ማሳ ቢያነሡ መንገደኛውም ያየው ነው፤ የእርስዎ ፎቶ ነው። ከናበጋ ወይም ከዋገጠራ ቀበሌ ለጽሕፈት ቤቱ የተላከው የተጎጂዎች ሠንጠረዥ ግን የእርስዎ አይደለም። ለምን ቢሉ፣ የመጀመሪያው ቀን ቁጥር ገና ያልተጣራ ነው። እርስዎ ለጥፈውት፣ ውጭ ያለው ወገን እርዳታ ለማሰባሰብ ሼር አድርጎት፣ በሳምንቱ ተጣርቶ ያነሰ ቁጥር ሲወጣ «ልዩነቱን ማን በላው?» ይባላል። ያኔ የመጀመሪያውን ቁጥር ማን እንዳወጣው ይፈለግና ስምዎ ይገኛል። የዋሹት ነገር የለም፤ ያልተጣራውን ቁጥር በስምዎ አጸደቁት እንጂ።

ማዳበሪያም እንዲሁ ነው። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው በቅንነት «ነገ ይገባል» ብሎ ይጽፋል። መኪናው ይዘገያል። ገበሬው ሥራ ፈትቶ፣ አህያ ጭኖ፣ ከሩቅ መጥቶ መጋዘን በር ላይ ያድራል። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው የዘገየው መኪና ሳይሆን «ነገ» ያለው ሰው ነው። የሚሻለው መሥሪያ ቤቱ በራሱ ገጽ ወይም በማስታወቂያ ሰሌዳ ቀኑን እስኪያሳውቅ መጠበቅ፣ ከዚያ ያንኑ ማጋራት ነው። ወረታ ባለው የሩዝ ምርምር ማዕከል የሚሠራ ሰውም ገና በሙከራ ላይ ያለ ዝርያ ቁመቱንና ዛላውን አንሥቶ ሲለጥፍ፣ ኤክስ-ጅግና የተባለውን የሩዝ ዝርያ መተካት የሚፈልግ ገበሬ ዘር ፍለጋ እንደሚመጣ ማሰብ አለበት።

የሰው ፎቶ ላይ ረጋ ይበሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ፌስቡክ ከመፈጠሩ ከ40 ዓመት በላይ አስቀድሞ፣ በአንቀጽ 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየትን ከልክሏል። ቀጣዩ አንቀጽ ይህን ያላላል፦ ሰውየው በያዘው የመንግሥት ሥልጣን ምክንያት ከሆነ፣ ወይም በአደባባይ የተፈጸመ ነገር ከሆነ ፈቃድ አያስፈልግም። ስለዚህ የወረዳው አስተዳዳሪ ስብሰባ ላይ ሲናገሩ ማንሣት ሌላ፣ ጤና ጣቢያ አልጋ ላይ ያለችን እናት ማንሣት ሌላ ነው። እርዳታ ስትቀበል ፊቷ የሚታየው ሴትዮ ቤተሰብ አላት፣ ጎረቤት አላት፣ ነገ ልጇ ትምህርት ቤት ይሄዳል። ክፍል ውስጥ ሕፃናትን አስጨፍሮ ቲክቶክ ላይ የሚለቅ መምህር ደግሞ እይታው ሲበዛ ደስ ይለዋል፤ የወላጅ አቤቱታ እስኪመጣ ድረስ። ፎቶው ውስጥ ሰው ባይኖር እንኳ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት፣ ማኅተሙን፣ የተከፈተውን ኮምፒውተር አስፍተው ይዩት።

የመንገድ ወሬም አለ። ወረታ መገንጠያ ናት፤ ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚያልፈውም፣ ወደ ደብረ ታቦርና ወልዲያ የሚታጠፈውም በእሷ በኩል ነው። «መንገድ ተዘጋ ወይስ ተከፈተ?» የሚል ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይመጣል። ለሚመጣ ዘመድ በስልክ መንገር አንድ ነገር ነው። የታጠቁ ሰዎችን ወይም የመኪኖችን እንቅስቃሴ በአደባባይ መጻፍ ግን ከዲሲፕሊን አልፎ የፀጥታ ጉዳይ ይሆንብዎታል፤ ወሬው ስህተት ከሆነም መንገደኛውን አደጋ ላይ ይጥላል። ይህን ጨርሶ ይተዉት።

ሦስተኛ፦ ላይክ፣ ሼር፣ ኮሜንት

የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 «ማሰራጨት» ለሚለው ቃል በሰጠው ትርጉም ላይክ ማድረግንና ታግ ማድረግን አውጥቷቸዋል። ሼርን አላወጣም። ሐሰተኛ መረጃ ያሰራጨ ሰው እስከ 1 ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ ይጠብቀዋል፤ ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው አካውንት ከሆነ ጣሪያው ወደ 3 ዓመት ወይም 100,000 ብር ያድጋል። ፌስቡክ የጓደኛን ብዛት በ5,000 ይገታል፤ ጓደኛው ሞልቶበት ተከታይ የከፈተ ሰው ሳያውቀው መስመሩን ያልፋል ማለት ነው። የተከታይዎን ቁጥር ዛሬ ይዩት።

ላይክ ወንጀል አልተባለም ማለት አለቃ አያየውም ማለት አይደለም። አሜሪካ፣ ሃምፕተን ከተማ ውስጥ ለሸሪፍ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች በ2009 እ.ኤ.አ. ምርጫ ማግስት ከሥራ ተሰናበቱ፤ አንደኛው የአለቃውን ተፎካካሪ ገጽ ላይክ አድርጎ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ላይክም ንግግር ነው፣ ጥበቃ ይገባዋል ብሎ የፈረደው በ2013 ነው። አራት ዓመት ፍርድ መጠበቅ ለወር ደመወዝተኛ ቀላል አይደለም።

ኮሜንት ግን ከሁሉም ይበልጥ ያታልላል። የኛ አገር ሰው በሰምና ወርቅ መናገር ያውቅበታል። «ማሳችንን ውኃ ሳይሆን አይጥ ጨረሰው» ብሎ ይጽፍና ስለ አይጥ ነው ያወራሁት ለማለት ይዘጋጃል። ሥሩ ያለው ኮሜንት ግን ወርቁን ቆፍሮ ያወጣዋል፦ «የእከሌን ጽሕፈት ቤት ነው አይደል?» ይላል አንዱ፤ ጸሐፊው የሳቅ ምልክት ይመልሳል። የዲሲፕሊን ኮሚቴ የሚያነበው ፖስቱን ብቻ አይደለም፤ ያቺን የሳቅ ምልክትም ያነባል። ሰዎች ሥሩ ስም ሲጠሩ ዝም ብለው አይዩ፤ ኮሜንቱን ያጥፉ ወይም ኮሜንት ይዝጉ።

በብዕር ስም መክፈት መፍትሔ ይመስላል። የአውስትራሊያ የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የነበረችው ሚካኤላ ባነርጂ ስሟን ደብቃ በትዊተር መሥሪያ ቤቷን ትተች ነበር፤ ታወቀባት፣ በ2013 እ.ኤ.አ. ተባረረች፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት መባረሯን አጸና። ይህ የሆነው በትልቅ አገር ነው። እዚህ አጻጻፍዎን፣ ቀልድዎን፣ የሚደጋግሟትን ቃል የሥራ ባልደረባዎ በሁለት መስመር ይለየዋል።

ስለ ቴሌግራም ግሩፕ ብዙ አልልም። ግሩፕ አደባባይ ነው፤ ስክሪንሾት አለ። ከተዛወሩ ወይም ከለቀቁ በኋላ ከቀድሞ የሥራ ግሩፕ ይውጡ። ፈተና፣ የውጤት ዝርዝር፣ የታካሚ ካርድ በግሩፕ አይላክም። በ2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ወጥቶ እንደተሰረዘ መምህራን አይረሱትም።

ኃላፊ ከሆኑ

የሥራ ማስታወቂያ በግል ገጽዎ ሲለጥፉ ገጹ የእርስዎ ብቻ መሆኑ ይቀራል። በሚሺጋን የፖርት ሁረን ከተማ ሥራ አስኪያጅ ጄምስ ፍሪድ የልጁን ፎቶና የከተማውን ጉዳይ በአንድ ገጽ ሲቀላቅል ቆይቶ፣ የተቸውን ነዋሪ ብሎክ በማድረጉ ክርክሩ እስከ አሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2024 እ.ኤ.አ. ተወስኗል። ለመሥሪያ ቤቱ የራሱን ገጽ ይክፈቱ፤ ማን እንደሚጽፍበት በደብዳቤ ይወከል፤ ሰውየው ሲዛወር እንደ መጋዘን ቁልፍ የይለፍ ቃሉን በርክክብ ያስረክብ።

ከተሳሳቱ ወይም ከተጠሩ

የተሳሳተ ነገር ለጥፈው ከሆነ በዝምታ አጥፍተው አይለፉት፤ ስክሪንሾቱ ቀድሞ ወጥቷል። መጀመሪያ ፖስቱን ከነኮሜንቱ፣ ቀኑና ሰዓቱ እንደሚታይ አድርገው ያስቀምጡ። ከዚያ ያጥፉትና «ትናንት ማታ ስለ ርብ ሙላት የጻፍኩት ቁጥር ያልተጣራ ነበር፤ አንሥቼዋለሁ፤ ይቅርታ» ብለው በሁለት መስመር ያርሙ። ማብራሪያ አያብዙ፣ ያጋራውንም ሰው አይውቀሱ።

አለቃዎ ቢጠራዎ በቃል ብዙ አይከራከሩ። የዲሲፕሊን ቅጣት ከቃል ማስጠንቀቂያ ጀምሮ በደመወዝ ቅጣትና ከደረጃ ዝቅ በማድረግ አልፎ እስከ ስንብት ስለሚደርስ ክሱ በጽሑፍ እንዲሰጥዎ ይጠይቁ፦ የትኛው ፖስት፣ የተለጠፈው መቼ፣ የጣሰው የትኛውን ድንጋጌ ነው? የክልሉን የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅና የዲሲፕሊን መመሪያውን ከሰው ሀብት ክፍል ይውሰዱና ራስዎ ያንብቡት። መልስዎንም በጽሑፍ ይስጡ፤ ቅጂው ላይ የተቀበለው ሰው ቀንና ፊርማ ይኑርበት። ውሳኔው ካላረካዎ ይግባኝ አለ፤ የይግባኙን ቀነ ገደብ ውሳኔው በደረሰዎ ዕለት ይጠይቁ።

ሌሎች ስለ እርስዎ ከጻፉ

የመሥሪያ ቤቱን ስም ከፕሮፋይል ያውጡ ያልኩት በዚህ ምክንያት ነው። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር የነበሩት ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ በመስከረም 2014 ዓ.ም. መጨረሻ በፌስቡክ ፎቷቸውና ስማቸው ወጥቶ፣ በማንነታቸው ተወንጅለው፣ ጥቅምት 24 ቀን ቤታቸው አጠገብ በጥይት ተገደሉ። ልጃቸው አብርሃም መዓረግ ፖስቶቹን ለፌስቡክ አስቀድሞ ማመልከቱን ይናገራል። በታኅሣሥ 2022 እ.ኤ.አ. የፌስቡክ ባለቤት የሆነውን ሜታን ናይሮቢ ላይ ከሰሰ፤ በ2025 እ.ኤ.አ. የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል።

ስለዚህ ስምዎና ፎቶዎ ከክስ ጋር ሲወጣ ኮሜንት ውስጥ ገብተው አይመልሱ፤ መልስዎ ፖስቱን ወደ ላይ ያወጣዋል፣ ተጨማሪ ሰው ያየዋል። ሊንኩን፣ የገጹን ስም፣ ቀኑንና የጻፉትን ሰዎች መዝግበው ሪፖርት ያድርጉ፤ ጓደኞችዎም ያድርጉ። በዚያው ዕለት ለፖሊስም ለመሥሪያ ቤትዎም በጽሑፍ ያመልክቱ፤ መሥሪያ ቤቱ ክሱ ሐሰት መሆኑን በራሱ ገጽ እንዲያስተባብል ይጠይቁ። ዛቻ ካለበት የኩባንያውን መልስ አይጠብቁ፤ የሚያድሩበትን ቦታ ለጊዜው ይለውጡ። የሰበሰቡትን ማስረጃ አሳትመው ሌላ ከተማ ለሚኖር ለሚያምኑት ዘመድ ይላኩ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይወሰዳልም።