መከርና ትምህርተ ክርስቶስ፦ ቅዱስ አውጎስጢኖስ በእርሻ ቤት ካሳለፈው መጸው የምንማረው



ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርዶ ሸዋ ሮቢትን፣ ጀውሃን፣ ሰንበቴንና አጣዬን ይዞ በሚዘረጋው የይፋት ቆላ፣ ከመስከረም ማለቂያ እስከ ታኅሣሥ ያለው ጊዜ ለገበሬው ቤተሰብ ዕረፍት የሌለበት ወቅት ነው። ማሾው ይለቀማል፤ ጤፉ ይታጨዳል፤ ማሽላው ከወፍ ይጠበቃል፤ ከዚያም ቆረጣው፣ ክምሩና ውቂያው ይከተላል። በዚሁ ጊዜ የትምህርተ ክርስቶስ ክፍላችን ይሳሳል። ልጆች ማማ ላይ ናቸው፤ አባቶች አውድማ ላይ ናቸው፤ እናቶች ምግብና ውኃ ያመላልሳሉ። ካቴኪስቱም ራሱ ገበሬ ነውና ማጭዱን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ በብዙ ስፍራ «ትምህርቱ ከመከር በኋላ ይቀጥል» ይባላል።

ችግሩ እውነተኛ ነው። የዓመቱ እንጀራ በጥቂት ሳምንታት የሚወሰንበትን ቤተሰብ ሥራህን ትተህ ና ማለት አይገባም። ሆኖም በዚህ ልማድ ውስጥ አንድ ሐሳብ ተሸሽጎ ይገኛል፤ ይኸውም ሃይማኖትን የሚማሩት ሥራ ሲቆም ነው የሚለው ነው። ይህ ሐሳብ ሥር ከሰደደ ቤተሰቡ እጅግ አብሮ የሚውልበትን፣ የእግዚአብሔርንም ስጦታ በእጁ የሚዳስስበትን ወቅት ከእምነቱ ይለየዋል። በዚህ ጽሑፍ የመከር ወራት ትምህርተ ክርስቶስ የሚቋረጥበት ሳይሆን ስፍራውን ለውጦ ወደ እርሻው የሚወርድበት ጊዜ መሆኑን እንመለከታለን።

1. ቤተ ክርስቲያን ለወቅቱ የሰጠችው ስም

በግእዝ ሥርዓተ አምልኮ አቆጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅቶች የተከፈለ ሲሆን፣ ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው መጸው ይባላል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ድረስ ዘመነ ጽጌ ነው፤ እመቤታችን ሕፃኑን ይዛ መሰደዷ ይታሰብበታል። ከኅዳር 6 ጀምሮ ደግሞ ዘመነ አስተምህሮ ይገባል።

ሊቃውንት ይህን ቃል በሁለት መንገድ ይፈቱታል። በሃሌታው «ሀ» ሲጻፍ ማስተማርን፣ በሐመሩ «ሐ» ሲጻፍ ምሕረትን መለመንን ያመለክታል ይላሉ። እንግዲህ የቆላው ገበሬ የማሽላውን ዛላ በሚቆርጥባቸው ሳምንታት ቤተ ክርስቲያን ወቅቱን የትምህርትና የምሕረት ወቅት ብላ ትጠራዋለች። እኛም እነዚህን ሁለት ፍቺዎች ተከትለን፣ በመጀመሪያ ስለ ትምህርቱ፣ ቀጥሎም ስለ ምሕረቱ እንናገራለን።

2. አውጎስጢኖስ በእርሻ ቤት

ቅዱስ አውጎስጢኖስ የአፍሪቃ ልጅ ነው። እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ354 ዓ.ም.፣ ዛሬ አልጄሪያ በምትባለው አገር በታጋስቴ ተወለደ። በዚሁ አቆጣጠር በ386 ዓ.ም.፣ በኢጣሊያ በሚላኖ ከተማ የንግግር ጥበብ መምህር ሳለ፣ ከብዙ የልብ ትግል በኋላ ሕይወቱን ለክርስቶስ ለመስጠት ቆረጠ። የወይን ለቀማው ዕረፍት እስኪደርስ ጥቂት ታገሠና፣ ደረቱንም ያመው ስለነበር፣ መምህርነቱን ተወ። ቬሬኩንዱስ የተባለ ወዳጁም ካሲቻኩም በሚባል ስፍራ የነበረውን የእርሻ ቤቱን እንዲቀመጥበት ፈቀደለት። አውጎስጢኖስ ከመጠመቁ በፊት የነበረውን መጸው ያሳለፈው በዚያ ነው።

ብቻውን አልሄደም። እናቱ ቅድስት ሞኒካ፣ ወንድሙ ናቪጊዩስ፣ ገና ለጋ ወጣት የነበረው ልጁ አዴዎዳቱስ፣ ወዳጁ አሊፒዩስ፣ ሁለት ዘመዶቹ፣ እንዲሁም ሊቼንቲዩስና ትሪጌቲዩስ የተባሉ ወጣት ተማሪዎቹ አብረውት ነበሩ። አንዳንድ ቀን ማልደው ተነሥተው ጊዜው የሚጠይቀውን የእርሻ ሥራ ከገበሬዎቹ ጋር ያከናውኑ ነበር፤ አንዳንድ ቀን ያነቡ ነበር። አየሩ ሲጠራ በመስኩ ላይ፣ ሲከፋ በመታጠቢያው ቤት ውስጥ ተቀምጠው ይወያያሉ፤ የሚናገሩትንም ጸሐፊ ይጽፈው ነበር። አውጎስጢኖስ ጸረ አካዳሚያውያን፣ ስለ ብፁዕ ሕይወት፣ ስለ ሥርዓት የተባሉትን መጻሕፍትና ከራሱ ጋር የተነጋገረበትን መጽሐፍ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። ከዚህ ሕይወት ለእኛ ሦስት ነገሮችን እንወስዳለን።

ሀ) ያልተማረው ሰው ከትምህርቱ አልተገለለም። ሁለቱ ዘመዶቹ ፊደል የቆጠሩ ሰዎች አልነበሩም፤ አውጎስጢኖስ ግን ማስተዋላቸው ለውይይቱ ያስፈልጋል ብሎ አስቀመጣቸው። በኅዳር ወር፣ በልደቱ ቀን፣ ሰው እውነተኛ ደስታ የሚያገኘው የሚፈልገውን ሲያገኝ ነውን የሚል ጥያቄ ባነሣ ጊዜ መልሱን የሰጠችው እናቱ ሞኒካ ነበረች። መልካሙን ፈልጎ ያገኘ ደስተኛ ነው፤ ክፉውን የሚፈልግ ግን ቢያገኘውም ጎስቋላ ነው የሚል ሐሳብ ነበረ። አውጎስጢኖስም ይህን መልስ ከታላላቅ ፈላስፎች ንግግር ጋር አስተካክሎ አከበረው። በአውድማ ዳር የተቀመጠች እናትም የእምነት መምህርት ናት። የቫቲካን 2ኛ ጉባኤ በ1964 እ.ኤ.አ. ስለ ቤተ ክርስቲያን ባወጣው ሰነድ ቤተሰብን የቤት ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ብሎ ጠርቶ፣ ወላጆች ለልጆቻቸው የመጀመሪያዎቹ የእምነት ሰባኪዎች መሆናቸውን ማሳሰቡ ስለዚህ ነው።

ለ) ትምህርቱ የተነሣው በእጅ ካለው ነገር ነው። አንድ ሌሊት አውጎስጢኖስ እንቅልፍ አጥቶ ሳለ ከመታጠቢያው ቤት ጀርባ የሚፈሰው ውኃ አንዴ ሲጮኽ አንዴ ዝግ ሲል ሰማ፤ ምክንያቱንም ጠየቀ። ሊቼንቲዩስም ነቅቶ ስለነበር፣ በመጸው የረገፈው ቅጠል ቦዩን ይዘጋዋል፤ ውኃው ሲበረታ ቅጠሉን ገፍቶ ያልፋል፤ እንደገናም ይዘጋል ሲል መለሰ። ከዚህ ተነሥተው፣ በዓለም ከእግዚአብሔር ሥርዓት ውጭ የሚሆን ነገር አለን? ወደሚለው ከባድ ጥያቄ ገቡ። በሮቢ ወንዝ ዳር በቦይ ሽንኩርት የሚያጠጣ ገበሬ ይህን ታሪክ ማስረጃ ሳይፈልግ ይረዳዋል፤ ቦዩ ሲዘጋ የሚሰማውን ድምፅ ያውቀዋልና።

በማሽላው እርሻም ይህን የመሰለ ምሳሌ ሞልቷል። አቀንጭራ ከመሬት በላይ ሳይታይ በማሽላው ሥር ተጣብቆ ምግቡን ይስባል፤ አበባው በታየ ጊዜ ጉዳቱ ቀድሞ ደርሷል። ስለ ኃጢአት የሚያስተምር ካቴኪስት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ከወዴት ያመጣል? ቂም በንግግር ከመውጣቱ በፊት በልብ ሥር እንደሚሠራ ለማስረዳት አንድ የደረቀ አገዳ ከነሥሩ ነቅሎ ማሳየት ይበቃል።

ሐ) ጊዜው አጭርና የተቆራረጠ ነበር። ሥራ ሲመጣ ውይይቱ ይቆማል፤ እናቲቱ ለምሳ ስትጠራቸው ይነሣሉ፤ በማግስቱ ከተውበት ይቀጥላሉ። ትምህርት ረጅም ሰዓት ካላገኘ አይሆንም የሚል ሰው ይህን ይመልከት።

ነገር ግን ልዩነቱን መዘንጋት አይገባንም። አውጎስጢኖስ በሰው እርሻ የተቀመጠ እንግዳ ነበረ እንጂ በዚያ መከር የሚተዳደር ገበሬ አልነበረም። ለማሰብ ጊዜ ያገኘው ሌሎች ስለሠሩ ነው። ይህም ስለ ምሕረት ወደምንናገረው ክፍል ይመራናል።

3. ምሕረት በአውድማ ላይ

የእግዚአብሔር ሕግ ስለ መከር ሲናገር ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስበው እርሻ የሌለውን ሰው ነው። በዘሌ. 19፡9-10 የእርሻው ዳር እንዳይታጨድ፣ ቃርሚያውም ለድኻና ለመጻተኛ እንዲተው ታዝዟል። ሩት የዳዊት ቅድመ አያት ለመሆን የበቃችው በቦዔዝ እርሻ ቃርሚያ ለመልቀም በመውጣቷ ነው (ሩት 2)። እንግዲህ ቃርሚያ የጌታችን የትውልድ ሐረግ ያለፈበት መንገድ ሆነ ማለት ነው። ባሏ የሞተባትን ጎረቤት ከክምሩ ዳር የሚያባርር ክርስቲያን ማንን እንደሚያባርር ያስብ።

ሁለተኛው የሠራተኛው ምንዳ ነው። ለአጨዳ ከደጋ ወደ ቆላ የሚወርደው የቀን ሠራተኛ ቤቱን ትቶ የመጣ ነው። በዘዳ. 24፡14-15 ምንዳው ፀሐይ ሳትገባ እንዲከፈለው ታዝዟል። «እህሉ ሲሸጥ እከፍልሃለሁ» ማለት ለባለ እርሻው ቀላል ነው፤ ለሠራተኛው ግን የልጆቹ ራት ነው። ሦስተኛው መስፈሪያው ነው። ቁናም ይሁን ሚዛን፣ ለሻጭና ለገዢ አንድ መሆን አለበት።

አራተኛው ጎረቤት ነው። በይፋት ክርስቲያኑና ሙስሊሙ፣ አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው በአንድ ገበያ ይገበያያሉ። ደቦ የሚጠራ ክርስቲያን ሁሉም በአንድ መሶብ እንዲበላ ሥጋ የሌለበትን ምግብ ቢያዘጋጅ መልካም ነው። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚጀምር በማሽላው ቆረጣ ጊዜ ይህ ምግብ በቤቱ አለ። ስለዚህ ጾሙ ጎረቤትን የምናቀርብበት ማዕድ ይሆንልናል።

4. መከሩ ሲጠፋስ?

በዚህ አገር ስለ መከር ስንናገር ያልተሰበሰበውን መከር ልናልፈው አንችልም። በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያ ወራት የበረሃ አንበጣ በምሥራቅ አማራ ቆላ ሰብል ላይ ወረደ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ የአጣዬ ከተማ በግጭት ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ደግሞ ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ፤ ወሩ ማሽላው የሚቆረጥበት ወር ነበረ። ከእነዚህ ወራት በኋላ፣ ሁሉ በእግዚአብሔር ሥርዓት ውስጥ ነውን? የሚለው ጥያቄ በመጽሐፍ ውስጥ የሚቀር የሊቃውንት ክርክር አይደለም። ባዶ ጎተራ ፊት የቆመች እናት የምትጠይቀው ነው።

አውጎስጢኖስና ወዳጆቹ በዚያ እርሻ ቤት ጥያቄውን ፈትተው አልጨረሱትም። በ387 እ.ኤ.አ. በፋሲካ ሌሊት አውጎስጢኖስ ከልጁና ከአሊፒዩስ ጋር በቅዱስ አምብሮዝዮስ እጅ ተጠመቀ። በዚያው ዓመት ሞኒካ አረፈች፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም አዴዎዳቱስ በወጣትነቱ ሞተ። አውጎስጢኖስ ራሱ በ430 እ.ኤ.አ. ያረፈው፣ ጳጳስ በሆነባት በሂፖ፣ ከተማይቱ በጦር ተከብባ ሳለች ነው። በእርሻ ቤት የነበረው ሰላም አጭር ነበረ። ነገር ግን በዚያ ከእናቱና ከልጁ ጋር አብሮ የጸለየውና የተማረው በኋላ ሐዘን ሲመጣ አልጠፋበትም።

ስለሆነም ካቴኪስቱ ሰብሉ ለጠፋበት ሰው «ኃጢአትህ ነው» ከማለት ይጠንቀቅ። ጌታችን በሉቃ. 13፡1-5 በመከራ የሞቱት ከሌሎች ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ በግልጽ ተናግሯል። ከማብራሪያ በፊት እህል ይቅደም፤ ከስብከትም በፊት አብሮ መቀመጥ ይቅደም።

5. ለካቴኪስቶች የተግባር ምክር

በመከር ወራት ትምህርቱን ወደ ሦስት ስፍራዎች ማውረድ ይቻላል።

የመጀመሪያው ማማው ነው። የግሪሳ ወፍ አብዝቶ የሚወርደው ጧትና ወደ ማታ ነው፤ በቀትር ወደ ጥላ ይሸሻል። ወንጭፍ ይዞ የሚጠብቀው ልጅ ያን ጊዜ ያርፋል። ካቴኪስቱ በዚያ ሰዓት ሄዶ ለሩብ ሰዓት ያህል በማር. 4፡26-29 ያለውን፣ ሰውየው ሳያውቅ የሚያድገውን ዘር ምሳሌ ቢያስተምረው ልጁ ምሳሌውን በዐይኑ እያየ ይማራል።

ሁለተኛው አውድማው ነው። ውቂያው ከመጀመሩ በፊት የቤቱ አባት በራሱ ቃል አጭር ጸሎት እንዲያደርስ፣ ከምርቱም የመጀመሪያውን ለድኻ እንዲለይ ይመከር። ይህን አባት ራሱ ያድርገው፤ ካቴኪስቱ አይተካው።

ሦስተኛው የማታው ምድጃ ነው። ቤተሰቡ ደክሞ በሚቀመጥበት ጊዜ አንድ ጥያቄ ብቻ ይነሣ፤ ታናሹም አያቲቱም ይመልሱ። መልሱ ሳያልቅ እንቅልፍ ከመጣ በማግስቱ ይቀጥላል።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች፦

1) በቤታችን በመከር ወራት የሚቋረጠው ጸሎት የትኛው ነው? ወደ እርሻው ልናወርደው የምንችለውስ?

2) ባለፈው መከር ከእርሻችን ቃርሚያ የለቀመው ማን ነበር? ስሙን እናውቀዋለን?

3) ምንዳው የዘገየበት ሠራተኛ አለን? እስከ መቼ እንከፍለዋለን?

4) ሰብሉ ለጠፋበት ጎረቤት ቁምስናችን በዚህ ዓመት ምን ሊያደርግለት ይችላል?

የመከሩ ጌታ የእጃችሁን ሥራ ይባርክ፤ በጎተራችሁ እህልን፣ በቤታችሁም ቃሉን ያኑር።