የኔትወርክ ገመድ ስንመርጥ፦ ካት 5ኢ፣ ካት 6 ወይስ ካት 6ኤ?



የዚህ እትም ትምህርታችን ስለ ኔትወርክ ገመድ ነው። ርዕሱ የኮምፒውተርና የኤሌክትሪካል ዲፓርትመንት ተማሪዎችን ብቻ የሚመለከት ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን ብዙዎች በእረፍት ጊዜ አነስተኛ የኔትወርክና የካሜራ ሥራ ይቀበላሉ። የተቀሩትም ነገ ሱቅ፣ ክሊኒክ ወይም ቢሮ ሲከፍቱ ገመድ ገዝተው ማሠራታቸው አይቀርም። ስለዚህ ሠሪውም አሠሪውም የሚጠቅመውን ያህል ያግኝ ብለን በቀላል አማርኛ አዘጋጅተነዋል።

ከራሳችን ስህተት እንጀምር

ባለፈው ክረምት ጥቂት ሆነን በአምቦ አቅራቢያ በምትገኝ ከተማ የአንድ ድርጅትን የኔትወርክ ሥራ ተቀብለን ነበር። 14 ኮምፒውተርና 4 ካሜራ ነው። ገመዱን ስንገዛ ካርቶኑ ላይ ካት 6 የሚል ጽሑፍ አየን፤ ዋጋውም ከሌላው ረከስ ያለ ስለነበር ደስ ብሎን ወሰድነው። ሥራውን ጨረስን፣ ቴስተሩ ስምንቱንም መብራት አበራልን፣ ገንዘባችንን ተቀብለን ተመለስን።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። ከመጋዘኑ በኩል ያለው ካሜራ ቀን ቀን ይሠራል፣ ሲመሽ ይጠፋል። ጥበቃው የሚፈልገው ደግሞ የሌሊቱን ነው። መጀመሪያ ካሜራውን ጠረጠርን፣ ቀጥሎ ፓወር ሰፕላዩን። ሁለቱንም ቀየርን፤ ለውጥ የለም። በመጨረሻ የገመዱን ጫፍ በምላጭ ስንፍቀው ቀይ መስሎ የታየን ሽቦ ውስጡ ነጭ ሆኖ ተገኘ። የገዛነው መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነበር። ካት 6 የሚለው ቃል ካርቶኑ ላይ እንጂ ገመዱ ውስጥ አልነበረም።

ካሜራው ሲመሽ ብቻ የጠፋበትን ምክንያት በኋላ እናሰላዋለን። መጀመሪያ ደረጃዎቹን እንለይ።

ደረጃ ማለት ምን ማለት ነው?

የተለመደው የኢተርኔት ገመድ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉት፤ ሁለት ሁለት እየሆኑ ተጠማዘው 4 ጥንድ ይሆናሉ። መጠማዘዛቸው ለውበት አይደለም። የአንዱ ጥንድ ምልክት ወደ ጎረቤቱ እንዳይገባ፣ ከውጭ የሚመጣውም ረብሻ ሁለቱን ሽቦዎች እኩል ነክቶ እንዲጣፋ ያደርጋል። የገመድ ደረጃ የሚለካው ይህን ጥበቃ እስከ ስንት ሜጋኸርዝ ድረስ ይዞ መዝለቅ እንደሚችል ነው።

ካት 5ኢ እስከ 100 ሜጋኸርዝ ተፈትኖ በሰከንድ 1 ጊጋቢት እስከ 100 ሜትር ያደርሳል።

ካት 6 እስከ 250 ሜጋኸርዝ ነው። በ1 ጊጋቢት ሲሠራ ርቀቱ ያው 100 ሜትር ነው። 10 ጊጋቢት ግን በምቹ ሁኔታ እስከ 55 ሜትር ድረስ ይወስዳል፤ ብዙ ገመዶች አንድ ላይ ከታሰሩ ወደ 37 ሜትር ሊወርድ ይችላል።

ካት 6ኤ እስከ 500 ሜጋኸርዝ ነው። 10 ጊጋቢትን ሙሉ 100 ሜትር ያደርሳል። ወፍራምና ደንደን ያለ በመሆኑ ሰፊ ቱቦ ይፈልጋል፤ ዋጋውም ከፍ ይላል።

ካት 8 እስከ 2000 ሜጋኸርዝ ቢደርስም 25 እና 40 ጊጋቢት የሚሠራው እስከ 30 ሜትር ብቻ ስለሆነ ቦታው ዳታ ሴንተር ነው። ለቢሮና ለቤት አንፈልገውም። ካት 7 ተብሎ በርካሽ የሚሸጥ ገመድ ስታገኙም ቁጥሩ ስለበለጠ ብቻ አትጓጉ። የካት 7 ደረጃ ከተለመደው አርጄ 45 ኮኔክተር የተለየ ኮኔክተር የታሰበለት ነው።

መቶ ሜትር ስንልም ከስዊቹ እስከ ኮምፒውተሩ ያለው ሁሉ ተደምሮ ነው። በግድግዳ የሚሄደው ከ90 ሜትር አይለፍ፤ የቀረው 10 ሜትር በሁለቱም ጫፍ ላሉት ፓች ኮርዶች ይተዋል።

የሚያታልለን ሐሳብ

ብዙ ደንበኛ «ካት 6 አድርጉልኝ፣ ኢንተርኔቱ እንዲፈጥን» ይላል። ይህ ትክክል አይደለም። ቢሮው ከቴሌኮም ድርጅት የገዛው ፍጥነት 20 ወይም 50 ሜጋቢት ከሆነ፣ 1000 ሜጋቢት በሚያሳልፈው ካት 5ኢ ላይ የሚቀረው ቦታ ሰፊ ነው። ገመዱን መቀየር ከውጭ የሚገባውን አያበዛውም። ጠባብ በር ያለው ግቢ ውስጥ ሰፊ መንገድ እንደ መሥራት ነው።

ታዲያ ካት 6 መቼ ይጠቅማል? ፋይል ከሰርቨር ወደ ኮምፒውተር የሚመላለስበት ቦታ፣ ብዙ ካሜራ በአንድ መስመር ወደ መቅረጫው የሚገባበት ቦታ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ገመዱ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ ለዓመታት የሚቆይበት ቦታ። ስዊች በአንድ ቀን ይቀየራል። ግድግዳ ውስጥ ያለን ገመድ ለመቀየር ግን ልስን ይፈርሳል።

ሌላው ሰንሰለት ሁሉ የሚለካው በደካማው ቀለበት መሆኑ ነው። ገመዱ ካት 6 ሆኖ ኮኔክተሩ፣ የግድግዳ ሶኬቱና ፓች ፓነሉ ካት 5ኢ ከሆኑ መስመሩ ካት 5ኢ ነው። ለገመዱ የተጨመረው ገንዘብ በከንቱ ወጣ ማለት ነው።

ከደረጃው በፊት፦ መዳብ ነው ወይ?

ከስህተታችን የተማርነው ትልቁ ነገር ይህ ነው። እውነተኛ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ፣ ካት 6 ተብሎ ከተጻፈበት መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ይበልጣል። የደረጃው መስፈርት ራሱ ሙሉ መዳብ ይጠይቃል፤ የተቀባው ገመድ የትኛውንም ካት አያሟላም። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 61 በመቶ ያህል ነው። ጥቂት ጊዜ ሲተጣጠፍ ይሰበራል፣ ጫፉም አየር ሲያገኝ ይዝጋል፤ ስለዚህ ዛሬ የበራው መስመር ከወራት በኋላ ሊቆራረጥ ይችላል።

አሁን የካሜራውን ነገር እናስላ። ርቀቱ 40 ሜትር ነበር። ወጪ ለመቆጠብ ብለን 12 ቮልቱን በዚያው ገመድ ትርፍ ጥንዶች ላክነው፤ ሁለት ሽቦ መሄጃ፣ ሁለት መመለሻ። የገዛነው ሽቦ ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር የሆነ የተቀባ አሉሚኒየም ስለነበር የደርሶ መልስ ተቃውሞው 8 ኦም ያህል ሆነ። ካሜራው ቀን 0.25 አምፒር ይስባል፤ በመንገድ የሚጠፋው 2 ቮልት ነው። 10 ቮልት ይደርሰዋል፣ ይሠራል። ሲመሽ የሌሊት ማያ መብራቶቹ ይበራሉና የሚስበው ወደ 0.5 አምፒር ያድጋል። 4 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። 8 ቮልት የደረሰው ካሜራ ይጠፋል። በ0.5 ሚሊ ሜትር መዳብ ቢሆን ኖሮ ሌሊትም የሚጠፋው ከ2 ቮልት አይበልጥም ነበር።

እዚህ ላይ ሁለተኛ ስህተታችንም አለ። 12 ቮልትን በቀጭን ሽቦ ሩቅ መላክ በመዳብም ቢሆን አፋፍ ላይ መቆም ነው። ለዚህ የተሠራው ትክክለኛ መንገድ ፒኦኢ ስዊች ነው። ኃይሉን በ48 ቮልት አካባቢ ስለሚልክ ለተመሳሳይ ዋት የሚፈሰው አምፒር አራት እጥፍ ያህል ያንሳል፣ ብክነቱም አብሮ ይቀንሳል።

ሱቅ ውስጥ እንዴት እንለያለን?

አንደኛ፣ ጽሑፉን ከካርቶኑ ሳይሆን ከገመዱ ልባስ ላይ አንብቡ። ሲሲኤ የሚሉት ሦስቱ የእንግሊዝኛ ፊደላት ካሉ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። ምንም ካልተጻፈም አትመኑ፤ መርምሩ።

ሁለተኛ፣ አንዱን ሽቦ በምላጭ ፋቁት። እስከ ውስጡ ቀይ ከሆነ መዳብ ነው፤ ነጭ ከወጣ አይደለም። ማግኔትም አስጠጉ፤ ከሳበው ውስጡ ብረት ነው።

ሦስተኛ፣ ካርቶኑን አንሱት። 305 ሜትር ካት 5ኢ ውስጥ ያለው የመዳብ ክብደት ብቻውን አራት ኪሎ ተኩል ያህል ነው፤ ልባሱና ካርቶኑ ሲጨመሩ ይከብዳል። ከሌላው በግልጽ የቀለለ ካርቶን ምክንያት አለው።

አራተኛ፣ መልቲሜትር ይዛችሁ ሂዱ። በአንዱ ጫፍ የአንድ ጥንድ ሁለት ሽቦዎችን አገናኙ፣ በሌላው ጫፍ ለኩ። በመስፈርቱ አንድ ሽቦ በ100 ሜትር ከ9.38 ኦም ማለፍ የለበትም፤ ደርሶ መልሱ 19 ኦም ገደማ፣ ለሙሉ የ305 ሜትር ካርቶን ደግሞ 57 ኦም ገደማ ነው። እኛ የቀረንን 100 ሜትር ብንለካው 41 ኦም አነበበ። ይህን ልኬት ከመግዛታችን በፊት ብናደርገው አምስት ደቂቃ ብቻ ይፈጅብን ነበር።

መብራት የሚያበራው ትንሹ ቴስተር ግን ይህን አይነግራችሁም። ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘቱንና ተራው መጠበቁን ብቻ ነው የሚያሳየው።

ለየትኛው ቦታ የትኛው?

ለመኖሪያ ቤት፣ ለሱቅና ለትንሽ ቢሮ ንጹህ መዳብ የሆነ ካት 5ኢ ይበቃል። ደንበኛው ያለ ምክንያት እንዲጨምር አታድርጉ።

ለአዲስ ሕንፃ፣ ለትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍልና ገመዱ ለሚቀበርበት ሁሉ ካት 6 እንመክራለን።

ካት 6ኤ ከ55 ሜትር በላይ 10 ጊጋቢት በእርግጥ ለሚያስፈልግበት መስመር ብቻ ነው።

ከሕንፃ ወደ ሕንፃ ፋይበር ይሁን። በክረምት የምዕራብ ሸዋ ነጎድጓድ ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። በሁለት ሕንፃዎች መካከል የተዘረጋ መዳብ የመብረቅን ጉልበት ይዞ ስዊቹን ሊያቃጥል ይችላል፤ ብርጭቆ የሆነው የፋይበር ክር ግን ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም።

መከላከያ ፎይል ያለው ገመድ የሚጠቅመው ትክክለኛ የመሬት መስመር ካለ ብቻ ነው። ከሌለ ተራውን ዩቲፒ በጥንቃቄ መዘርጋት ይሻላል። ፀሐይ ለሚያገኘው ቦታ ለውጭ የተሠራውን ጥቁር ልባስ ግዙ። ኮርኒስ ውስጥ ለሚሄደው ደግሞ አይጥ እንዳይበላው ቱቦ አይቅር።

የእጅ ሥራውም ደረጃውን ያወርዳል። ኮኔክተር ስትገጥሙ ጥንዱን ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ አትፍቱ። ከገመዱ ውፍረት አራት እጥፍ በጠበበ ኩርባ አትጠፉ። ከመብራት ገመድ ጋር አንድ ቱቦ ውስጥ አታስገቡ። ሁለቱንም ጫፍ በአንድ ዓይነት ተራ ግጠሙ፤ በተለመደው ቢ አሠራር ነጭ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው።

የማይታየው ሥራ አማና ነው

ያን ገመድ በራሳችን ወጪ ቀየርነው። ከሥራው ያገኘነው አልበቃም፤ ከኪሳችን ጨመርን። ከመካከላችን አንዱ «ካሜራው ሩቅ ስለሆነ ነው ብንላቸው ያምኑናል» ብሎ ነበር። እውነቱን ነው፣ ያምኑን ነበር። ያስጨነቀንም ይህ ነው። አሠሪው ገመድ አያውቅም፣ ግድግዳ ውስጥ ያለውን አያይም፤ የሚያየው እኛን ነው። ያልተሟላን ዕቃ እንደተሟላ አድርጎ ማስረከብ፣ ሳናውቅ የጀመርነው እንኳ ቢሆን፣ ካወቅን በኋላ ዝም ካልን ማታለል ይሆናል። የሄድነው ስህተታችንን ለመናገር ነበር፤ ስንመለስ ግን የድርጅቱ ባለቤት ለሌላ ሰው ሥራ ጠቁመውን ነበር፣ አልሐምዱሊላህ።

ከዚያ ወዲህ በዋጋ ማቅረቢያችን ላይ «ካት 6» ብለን ብቻ አንጽፍም። «ካት 6፣ ንጹህ መዳብ፣ 0.57 ሚሊ ሜትር» ብለን እንጽፋለን፤ ካርቶኑንም አሠሪው ፊት እንለካለን። ጊንጪ፣ ጉደር፣ ጌዶ ወይም ባኮ ላይ ሥራ የምትቀበሉ ወንድሞችና እህቶችም እንዲሁ እንድታደርጉ እንመክራለን። ተሳስቶ ወደ አዲስ አበባ ለመመለስ መንገዱ ሩቅ ነው።

ለመወያያ

1. አንድ ክሊኒክ 30 ሜጋቢት ኢንተርኔት፣ 6 ኮምፒውተርና ያለቀለት ሕንፃ አለው። ካት 6ኤ እንዲገባለት ይጠይቃል። ምን ትመክሩታላችሁ?

2. ከ305 ሜትር ካርቶን 61 ሜትር ተቆርጧል። የቀረው የአንድ ጥንድ ደርሶ መልስ ልኬት ከስንት ኦም በላይ ከሆነ ትጠራጠራላችሁ?

3. ሥራ አስረክባችሁ ከወጣችሁ በኋላ የገዛችሁት ገመድ የተቀባ አሉሚኒየም መሆኑን ብታውቁ፣ አሠሪው ደግሞ ምንም ባያማርር፣ ምን ታደርጋላችሁ?

የመጀመሪያዎቹን ሁለት በወረቀት ሠርታችሁ ተያዩ። ሦስተኛውን ግን እያንዳንዳችን ለራሳችን እንመልስ።